ስንዴና እንክርዳድ በአንድ እርሻ



ለዛሬው ትምህርታችን መሠረት የምናደርገው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ከቁጥር 24 እስከ 30 ያለውን የስንዴና የእንክርዳድ ምሳሌ ነው። ከዚሁ ጋር ስለ አባታችን አብርሃም የተጻፈውን ዘፍጥረት 18ንና 23ን አብረን እንመለከታለን። አንባቢም መጽሐፍ ቅዱሱን ከአጠገቡ አድርጎ እየገለጠ ቢከተለን መልካም ነው።

በአገራችን ልማድ ልጅ ነፍስ ካወቀ በኋላ የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም እስከ ሰባት ቤት እንዲቆጥር ይማራል። ይህም መልካም ልማድ ነው፤ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ይቸግረዋልና። ነገር ግን ስንቆጥር ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ጀግናውን፣ ለጋሱንና ደብር ያስተከለውን ነው። ድሀ የበደለውን፣ የሰው ድንበር የገፋውን ግን ሳንናገር እናልፈዋለን። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ እንዲህ አላደረገም። ዳዊትን ንጉሥ ብሎ በጠራበት በዚያው ስፍራ የሰሎሞን እናት የሌላ ሰው፣ የኦርዮ ሚስት እንደነበረች ሳይሸሽግ ጽፏል። እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምረን የቤተሰብ ታሪክ አጻጻፍ ይህ ነው፤ ክብሩንም ነውሩንም በአንድ መስመር ላይ ማኖር።

ስለዚህም ዛሬ የምናቀርብላችሁ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። የቤተሰቡ አባት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከእንግሊዝ አገር ወደ አውስትራልያ ተሻግረው የሰፈሩ፣ በሳምንቱ ቀናት ገበሬ፣ በእሑድ ቀን ሰባኪ የነበሩት ቄስ ሳሙኤል ማርስደን ናቸው። እኒህን ሰው ለምን እንደመረጥናቸው ታሪካቸው ራሱ ይነግረናል። በኒውዚላንድ ብዙዎች ወንጌልን ይዘው የመጡ አባት ብለው ያነሷቸዋል። በአውስትራልያ ግን እስከ ዛሬ «ገራፊው ቄስ» በሚል ቅጽል ስም ይታወቃሉ። አንድ ሰው ሁለት ስም! የትኛው ነው እውነቱ? ከዓመተ ምሕረት ቁጥር ጋር እንዳንደናገር፣ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ዘሩ የተዘራበት ቤት

ሳሙኤል ማርስደን በ1760ዎቹ አጋማሽ ዮርክሸር በሚባለው የእንግሊዝ ክፍል፣ ፋርስሊ በምትባል መንደር ተወለዱ። ቤተሰባቸው የባለጸጋ ቤተሰብ አልነበረም፤ እርሳቸውም በወጣትነታቸው በብረት ቀጥቃጭነት ሥራ ላይ ነበሩ። በዚያ ዘመን ድሀ ሆነው ለክህነት የሚበቁ ወጣቶችን ወጪ ችሎ የሚያስተምር፣ ኤላንድ የሚባል የቀሳውስት ማኅበር ነበረ። ማኅበሩ የወጣቱን ትጋት ተመልክቶ በሃል ከተማ፣ ኋላም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አስተማራቸው። እንግዲህ መጀመሪያ ይህን እናስተውል። ማርስደን የተማሩት በሌሎች ምእመናን ገንዘብ ነው፤ ያን ዘር የዘሩትም ሰዎች ፍሬውን በዓይናቸው አላዩም።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ወንጀለኞቿን በመርከብ እየጫነች በዓለም ዳርቻ ወዳለው ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ታግዝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መርከቦች በጥር 1788 ከ700 በላይ ግዞተኞችን ይዘው ዛሬ ሲድኒ የምትባለው ከተማ ካለችበት ወደብ ደረሱ። ከእነርሱ ጋር የሄዱት ቄስ ሪቻርድ ጆንሰን ብቻቸውን ስለነበሩ ረዳት አስፈለጋቸው። የባሪያ ንግድ እንዲቀር በእንግሊዝ ፓርላማ ብዙ ዘመን የታገለው ዊልያም ዊልበርፎርስ ከመካከላቸው ሆኖ፣ የወንጌል ወዳጆች ማርስደንን መረጧቸው። እርሳቸውም የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ በ1793 ክህነት ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ወይዘሮ ኤልሳቤጥን አገቡ፤ በዚያው ዓመትም መርከብ ተሳፈሩ። ጉዞው ስምንት ወር ያህል ፈጀ። የመጀመሪያ ልጃቸው አን በመጋቢት 1794፣ ወደቡ ሊደርሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ በባሕር ላይ ተወለደች። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ በአዲስ አገር እንዲህ ጀመረ።

ሁለተኛ፤ ገበሬው ቄስ

ቄስ ማርስደን የተመደቡት ከሲድኒ ወደ ውስጥ ገባ ብላ በምትገኘው በፓራማታ ነበር። ያ ሰፈር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ረኃብ ያየ ሰፈር ነው፤ እህል ከእንግሊዝ በመርከብ ካልመጣ የሚበላ አልነበረም። ስለዚህም መንግሥት ለሹማምንቱና ለቀሳውስቱ መሬት እየሰጠ እንዲያርሱ ያበረታታ ነበር። ለማርስደንም መሬት ተሰጣቸው። በ1802 የራሳቸውና የገዙት መሬት አንድ ላይ 440 ኤከር፣ ማለትም ከአራት ጋሻ በላይ ደርሶ ነበር፤ በጎቻቸውም 480 ያህል ነበሩ። የቅኝ ግዛቱ ገዢ ኪንግ፣ በተግባር የላቀ ገበሬ ማርስደን ናቸው ብለው መስክረውላቸዋል።

በተለይ የደከሙበት ሥራ የበግ እርባታ ነው። ጠጉሩ ሻካራ የነበረውን በግ ጥሩ ጠጉር ካለው ጋር እያዳቀሉ ዘሩን አሻሻሉ። በ1807 ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ ከበጎቻቸው የተሸለተ ጠጉር ይዘው ሄዱ፤ ጠጉሩም በትውልድ አገራቸው በዮርክሸር ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ልብስ ሆነ። ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ያን ልብስ አይተው ስለተደሰቱ ከራሳቸው መንጋ የስፓኝ ዘር የሆኑ ሜሪኖ በጎች ሰጧቸው። አውስትራልያ በበግ ጠጉር በዓለም የታወቀች አገር ለመሆኗ የእኒህ ቄስ ድካም ከጀማሪዎቹ አንዱ ነው።

ቄስ እንዴት ገበሬ ይሆናል የሚል ሰው ቢኖር፣ ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ እንደሰበከ ያስታውስ። በእጅ መሥራት ነውር አይደለም። በዚያ ሰፈር ያሉ ብዙዎች ያላቸውን ሁሉ ለአረቄ ሲሰጡ፣ ቄሱ ማረሻ ይዘው መታየታቸው ራሱ ስብከት ነበር። በ1803 የትንሣኤ በዓል ዕለት የተከፈተውም የፓራማታ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን የድካማቸው ፍሬ ነው። በስፍራው ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ቤቱ ኀዘን አላጣውም። በ1801 ወይዘሮ ኤልሳቤጥ በፈረስ ጋሪ ሲሄዱ ጋሪው በድንገት ተንገጫግጮ የታቀፉት ወንድ ልጃቸው ከእጃቸው ወድቆ ሞተ። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ሌላው ወንድ ልጃቸው በማዕድ ቤት የፈላ ውሃ ውስጥ ወድቆ ሞተ። በ1811 እናቲቱ ከወሊድ በኋላ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ እንደዚያ ሆነውም እስከ 1835 ኖሩ። የእኒህን እናት ስም በታሪክ መጻሕፍት ብዙ አናገኘውም። ነገር ግን በዚያ ቤት የተጠለለው እንግዳ ሁሉ የበላው በእርሳቸው መሶብ ነው። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ የአባትየው ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ልብ እንበል።

ሦስተኛ፤ ቄሱ በዳኝነት ወንበር

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። መንግሥት ቄስ ማርስደንን የፓራማታ ዳኛ አድርጎ ሾማቸው። እሑድ ስለ ይቅርታ በሰበኩበት አፍ፣ ሰኞ የግርፋት ፍርድ ይናገሩ ጀመር። በዚያ ዘመን ግዞተኛን መግረፍ በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ ሌሎች ዳኞችም ይገርፉ ነበር። ማርስደን ግን ከሌሎቹ ይልቅ ጨካኝ ፈራጅ ናቸው እየተባለ በዘመናቸውም ስማቸው ተነሥቷል።

አንዱን ምሳሌ እንውሰድ። በ1800 የአየርላንድ ግዞተኞች ሊያምፁ ጦር እየሠሩ ደብቀዋል የሚል ወሬ ተነሣ። ጦሩ የተደበቀበትን ስፍራ ያውቃል ተብሎ የተጠረጠረ ጋልቪን የሚባል ወጣት ተይዞ እንዲናገር ተገረፈ። ጅራፉን በዓይኑ ያየው ጆሴፍ ሆልት የሚባል አየርላንዳዊ በኋላ በጻፈው ትዝታ ግርፋቱ 300 እንደነበረ ይናገራል። ወጣቱ ግን ምንም አልተናገረም። ቄስ ማርስደን ራሳቸው ለገዢው ሲጽፉ፣ ይህ ልጅ ከመናገር ሞትን ይመርጣል ብለው ተስፋ መቁረጣቸውን ገልጠዋል። ወገኖቼ፣ ይህ ግርፋት የወንጀል ቅጣት እንኳ አልነበረም፤ ሰውን ለማናገር የተደረገ ስቃይ ነው። ያዘዘውም ችሎት በመሠዊያ ፊት የሚቆም እጅ ያለበት ነበር።

ሌላም አለ። በ1810 አዲሱ ገዢ ማክዋሪ፣ ፍርዳቸውን ጨርሰው ነጻ የወጡ ሁለት የቀድሞ ግዞተኞችን ከማርስደን ጋር በአንድ የሥራ ጉባኤ ሾሟቸው። ማርስደንም ከእንዲህ ያሉ ሰዎች ጋር አልቀመጥም ብለው ሹመቱን አልተቀበሉም። ሹማምንት በነውር የሚኖሩ ሰዎችን በላያችን ሊሾሙ አይገባም የሚል ምክንያት ነበራቸው። እኛ ግን የምንጠይቀው ይህን ነው። ኃጢአተኛ ንስሐ ይግባ ብሎ የሚሰብክ ሰው፣ የተመለሰው ሰው ከአጠገቡ ሲቀመጥ የሚነሣ ከሆነ ስብከቱ ለማን ነው? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው ታላቅ ወንድም ወደ ቤት አልገባም ብሎ በደጅ እንደቀረ እናስታውስ።

አራተኛ፤ ሁለቱ መምሬዎች

ቄስ ማርስደን ካላቸው እርሻ ሁሉ የሚወዱት ሳውዝ ክሪክ በሚባል ወንዝ አጠገብ የነበረውን ነው። ስሙንም መምሬ አሉት። በአገራችን ቄስን መምሬ እያልን ስለምንጠራ፣ ቦታውም መምሬ ባለቤቱም መምሬ መሆኑ ፈገግ ያሰኘናል። እርሳቸው ግን ስሙን የወሰዱት አብርሃም ድንኳን ተክሎ፣ በቀትር ሦስቱን እንግዶች ከተቀበለበት ስፍራ ነው። ምናልባት ራሳቸውን ከአገሩና ከዘመዶቹ ተለይቶ ወደማያውቀው ምድር እንደሄደ አብርሃም ቆጥረው ይሆናል።

እንግዲህ ንጽጽሩን እርሳቸው ስለጀመሩት እኛ እንጨርሰው። አብርሃም በመምሬ መጻተኛ ነበር። ሚስቱ ሣራ ስትሞት መቃብር እንኳ አልነበረውም። ኤፍሮን የሚባለው የአገሩ ሰው እርሻውንና ዋሻውን በነጻ እንካ ቢለው፣ አብርሃም እምቢ ብሎ በሕዝቡ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ። እግዚአብሔር ምድሪቱን ሁሉ እሰጥሃለሁ ብሎ ተስፋ የሰጠው ሰው፣ ለአንዲት መቃብር ስፍራ ባለቤቱን ጠየቀ፤ ዋጋውንም ከፈለ።

በሳውዝ ክሪክ ያለው መምሬ ግን የተሰጠው በመንግሥት ደብዳቤ ነው። ያ ምድር ባለቤት አልነበረውምን? ነበረው። ዳሩግ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ከጥንት ጀምሮ ያድኑበት፣ ያጠምዱበትና ሙታናቸውን ይቀብሩበት ነበር። ፓራማታ የሚለው ስም ራሱ ከእነርሱ ነገድ የመጣ ነው። በ1789 በፈንጣጣ ብዙዎቹ አልቀዋል። የተረፉትን ማንም አልጠየቃቸውም፤ አንድም ሰቅል አልተመዘነላቸውም። የእንግሊዝ መንግሥት ምድሩን እንደ ባዶ ቆጥሮ ለሰፋሪዎች አከፋፈለው። በ1827 የማርስደን መሬት ከ5,000 ኤከር በላይ ደርሶ ነበር፤ ይህም በእኛ ልኬት ሃምሳ ጋሻ ያህል ነው። ስሙን ከአብርሃም ወሰዱ፤ የአብርሃምን ሚዛን ግን አልወሰዱም።

ይህን ስንል ሕጉን ማርስደን አወጡት ማለታችን አይደለም፤ የዘመኑ ሁሉ ሥራ ነበር። ነገር ግን በዘመኑ ሁሉ መካከል ዘፍጥረት 23ን በመንበር ቆመው ያነበቡት እርሳቸው ናቸው። ብዙ ከተሰጠው ብዙ ይፈለግበታልና።

አምስተኛ፤ እንግዳው ሩዋታራ

አሁን ደግሞ ያንኑ ሰው በሌላ ገጽ እንመልከት። በ1809 ቄስ ማርስደን ከእንግሊዝ ሲመለሱ በተሳፈሩበት መርከብ ላይ አንድ የታመመ፣ ደም የሚያስለው ጥቁር ወጣት አገኙ። ሩዋታራ ይባላል፤ የኒውዚላንድ ማዎሪ ባላባት ነው። በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች ላይ አገልግሎ ደመወዙን ተነጥቆ፣ የእንግሊዝን ንጉሥ አያለሁ ብሎ ለንደን ድረስ ሄዶ ሳያይ የተመለሰ ነው። ማርስደንም አስታመሙት፤ አለበሱት፤ ፓራማታ ሲደርሱም ወደ ቤታቸው አስገቡት። በዚያም ለብዙ ወራት ተቀምጦ እርሻ ተማረ። በእውነት በዚህ ጊዜ ያ ቤት የአብርሃምን ድንኳን መሰለ።

ሩዋታራ የስንዴ ዘር ተሰጥቶት ወደ አገሩ ተመለሰና ለሌሎች ባላባቶችም አካፈለ፤ ከዚህ እንጀራ ይወጣል ብሎም ነገራቸው። እነርሱ የሚያውቁት ግን በሥሩ የሚያፈራውን እንደ ድንች ያለ ተክል ነው። ስለዚህ ስንዴው ሳይደርስ እየነቀሉ ሥሩን ፈለጉ፤ ምንም ባጡ ጊዜ አቃጠሉት፤ ሩዋታራንም ሳቁበት። እርሱና አጎቱ ግን ታግሠው አጨዱ። አሁንም ወፍጮ የለም! ማርስደን የእጅ ወፍጮ በላኩለት ጊዜ ሩዋታራ በሕዝቡ ፊት ፈጭቶ፣ በመጥበሻ ቂጣ ጋግሮ አበላቸው። ሕዝቡም በደስታ ጨፈረ። ወንጌል ሳይሰበክ ስንዴው ቀድሞ ሰበከ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎም ማርስደን በራሳቸው ገንዘብ አክቲቭ የምትባል መርከብ ገዝተው፣ ከሦስት አስተማሪዎችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ኒውዚላንድ ተሻገሩ። ሩዋታራ ቦታ አጥሮ፣ ከአሮጌ ታንኳ የስብከት መንበር ሠርቶ ጠበቃቸው። በታኅሣሥ 25 ቀን 1814፣ የልደት በዓል ከእሑድ ጋር በዋለበት ዕለት፣ መዝሙር 100 ተዘመረ፤ ማርስደንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቁጥር 10 ላይ መልአኩ ለእረኞቹ ስላበሠረው ታላቅ ደስታ ሰበኩ። ሩዋታራም በሕዝቡ ቋንቋ አስረዳ። በየካቲት 1815 ለአስተማሪዎቹ መኖሪያ 200 ኤከር ያህል መሬት ሲፈለግ፣ ከማዎሪ ባላባቶች በ12 መጥረቢያ ተገዛ። ዋጋው ይበቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቢሆንም በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ተጠይቋል፤ ውልም ተጽፏል። በፓራማታ የጠፋው የአብርሃም ሚዛን በኒውዚላንድ ጥቂት ብልጭ አለ። ሩዋታራ ግን በመጋቢት 1815 በወጣትነቱ አረፈ።

ማርስደን ሰባት ጊዜ ያን ባሕር ተሻግረው አስተማሪዎቹን ጎበኙ። በ1819 ኬሪኬሪ በሚባል ስፍራ ወይን ተከሉ፤ በዚያች አገር የመጀመሪያው ወይን ተብሎ ይቆጠራል። በመጨረሻው ጉዟቸው በ1837 ዕድሜያቸው ከ70 አልፎ፣ በሽተኛ እናቷን ቀብራ የተረፈችው ልጃቸው ማርታ እየደገፈቻቸው ሄዱ፤ ማዎሪዎቹም በወሳንሳ ተሸክመው አዞሯቸው። በግንቦት 1838 አርፈው በፓራማታ ተቀበሩ።

ስድስተኛ፤ ከዚያ ቤት የወጣች ቅርንጫፍ

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ለእኛ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ልዩ ጉዳይ አለው። በፓራማታ ቶማስ ሃሳል የሚባል፣ ዕድሜው ሃያ ያልሞላ ወጣት ነበረ። በ1813 በሰፈሩ ያሉትን ልጆች በአባቱ ቤት ሰብስቦ በየእሑዱ ማስተማር ጀመረ። ይህ በአውስትራልያ የመጀመሪያው የሰንበት ትምህርት ቤት ተብሎ ይጠራል። ልጆቹ የግዞተኞችና የወታደሮች ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጅራፍና በሰንሰለት ያወቁ ናቸው። ቶማስም ወደ እንግሊዝ ሄዶ ተምሮ፣ ቄስ ሆኖ ተመለሰና በ1822 በባሕር ላይ የተወለደችውን አን ማርስደንን አገባ። ኋላም በፈረስ እየጋለበ ሰፊ አገር ስላስተማረ ሕዝቡ «ጋላቢው ቄስ» ብሎ ጠራው።

አስተውሉ ወንድሞች፤ አማቱ ገራፊው ቄስ፣ አማቹ ጋላቢው ቄስ! አንዱ ስሙን ከጅራፍ አገኘ፤ ሌላው ልጆችንና ብቸኞችን ፍለጋ ከመሮጥ አገኘ። ወጣቱ ከአማቱ እርሻውንና ትጋቱን ሊወርስ ይችል ነበር፤ ቅጽል ስሙን ግን አልወረሰም። ከአባቶች የሚወረሰው ሁሉ ግድ አይደለም፤ መምረጥ ይቻላል።

ሰባተኛ፤ ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ወደ ምንባባችን እንመለስ። ባሪያዎቹ እንክርዳዱን እንንቀል ወይ ብለው ጌታቸውን ሲጠይቁ፣ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል እስከ መከር ተዉት አላቸው። ጌታ ምሳሌውን ሲተረጉም እርሻው ዓለም እንደሆነ ነግሮናል። እኛ ግን የእኒህን ሰው ሕይወት ስናጠና፣ ስንዴና እንክርዳድ በዓለም ብቻ ሳይሆን በአንድ ሰው ልብም ውስጥ አብረው እንደሚበቅሉ አየን። ከዚህ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛው፣ በሞቱት ላይ የመጨረሻውን ፍርድ አንስጥ። ማርስደንን ገራፊ ነበሩ ብለን ከታሪክ ብንነቅል፣ ሩዋታራን ያስታመመች እጅ አብራ ትነቀላለች። ስንዴው ሳይደርስ ነቅለው ሥሩን የፈለጉትን ሰዎች እንመስላለን። መከሩም አጫጁም የእግዚአብሔር ናቸው።

ሁለተኛው፣ እንክርዳዱን ስንዴ አንበል። አትንቀሉ መባል አትወቁ ማለት አይደለም። ጌታ እንክርዳዱን በስሙ ጠርቶታል። ሩዋታራን ስላስታመሙ የጋልቪን ጀርባ አይድንም። በኒውዚላንድ መጥረቢያ ስለተከፈለ የዳሩግ መሬት አይከፈልም። ነቢዩ ነህምያ በምዕራፍ 9 እንደሚነግረን የእስራኤል ልጆች ቆመው የራሳቸውንና የአባቶቻቸውን ኃጢአት በአንድነት ተናዘዙ። አባቶቻቸውን ስለጠሉ አይደለም፤ ያው ዕዳ ወደ ልጆቻቸው እንዳይተላለፍ ነው እንጂ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። የሞቱት እርሻቸው ታጭዷል። የእኛ ግን ገና በማሳ ላይ ነው፤ በራሳችን ልብ ያለውን እንክርዳድ ንስሐ በሚባል እጅ ለመንቀል ጊዜ አለን። ስለዚህ ራሳችንን እንጠይቅ። እሑድ መዝሙር ከዘመርን በኋላ ሰኞ የቤት ሠራተኛችንን የምንጠራት በምን ስም ነው? የወር ደመወዟን በቀኑ እንከፍላታለን ወይስ የሩዋታራን ደመወዝ እንደነጠቁት መርከበኞች እናደርጋለን? አጥፍቶ የተመለሰ ጓደኛችን ከአጠገባችን ሲቀመጥ እንነሣለን ወይስ ቦታ እንሰጠዋለን? እልቅና በተሰጠን ጊዜ፣ በክፍል አለቃነት እንኳ ቢሆን፣ እጃችን ወደ ጅራፍ ነው ወይስ ወደ ወፍጮ የሚዘረጋው? ማርስደን ክፉ ሰው ስለነበሩ አልገረፉም። እሑድን ከሰኞ የሚለይ አጥር በልባቸው ስላጠሩ ነው። ያ አጥር በእያንዳንዳችን ልብ አለ፤ ከዕለት ወደ ዕለትም ካላፈረስነው ከፍ ይላል።

በመጨረሻም ለአንባብያን ሁሉ አንድ የቤት ሥራ እንሰጣለን። እስከሚመጣው እሑድ ድረስ እያንዳንዳችን ወደ አያቶቻችን፣ ካልኖሩም ቤተሰቡን ወደሚያውቅ ሽማግሌ ቀርበን የቤታችንን ታሪክ እንጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን ማን አሠራ ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ ማን ተበደለ፣ ለማንስ ያልተከፈለ አለ ብለንም እንጠይቅ። ሽማግሌዎቹ ዝም ካሉ አናስጨንቃቸው፤ ከተናገሩ ግን በትሕትና እንስማ። ዕዳ ከተገኘም ልንከፍለው የምንችለውን እንክፈል፤ የማንችለውን በጸሎት ወደ እግዚአብሔር እናቅርብ። አብርሃም በመምሬ የመዘነው ብር ስሙን አላሳነሰውም፤ እስከ ዛሬም የሚነገርለት ክብር ሆኖለታል።

የአብርሃም አምላክ ሆይ፤ የአባቶቻችንን ስንዴ ለዘር አቆይልን፤ እንክርዳዳቸውን ግን በልጆቻቸው እርሻ ዳግመኛ እንዳይበቅል ጠብቀን። እሑድ የምንለምንህን አፍና ሰኞ የምንሠራበትን እጅ አንድ አድርግልን። የተገረፉትን አጽናና፤ መሬታቸውን ያጡትን አስብ፤ እኛንም እንግዳ ተቀባዮች አድርገን። ክብርና ምስጋና ለስምህ ይሁን፤ አሜን።